«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ የሙከራ ኮንፊግ ፋይል በእጅ አይገልበጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዲጂታል አገልግሎት በምታወጧቸው ዘገባዎች ተገልጋዩ ደጋግሞ የሚያሰማው አቤቱታ «ሲስተም የለም ተባልን» የሚል ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ወይም ኔትወርክ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ስሙ የማይነሳ ሦስተኛ ምክንያት ግን አለ፤ የዌብ ሰርቨሩ (ድረ ገጹን ለጠያቂው የሚያደርሰው ፕሮግራም) ኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም አሠራሩን የሚወስነው የቅንብር ፋይል፣ ተነክቶ፣ በወጉ ሳይሞከር፣ ሰርቨሩ ሪስታርት መደረጉ። ይህኛው መብራት ኃይልንም ቴሌንም ሳይጠብቅ እዚሁ በእጃችን የሚስተካከል ስለሆነ ልንጽፍበት ወደድን።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ለሙከራ የሚያገለግል ኮንፊግ ፋይል ሥራ ላይ ካለው ሰርቨር በእጅ ተገልብጦ መነካካት የለበትም፤ ከቴምፕሌት (ባዶ ቦታዎቹ ኋላ ከሚሞሉ ንድፍ) በፕሮግራም መመንጨት፣ ሙከራው ሲያልቅም መጣል አለበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ወጥመድ አለው።

ከልማዱ እንጀምር። ባለሙያው አዲስ ነገር መሞከር ሲፈልግ የሥራውን ኮንፊግ ኮፒ ያደርጋል፤ ፖርቱን (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን የበር ቁጥር) ከ80 ወደ 8080 ይቀይራል፤ እዚያው ማሽን ላይ አፓቼ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ሁለተኛ ቅጂ ሊያስነሳ ይሞክራል። «ፒአይዲ ፋይል» የሚለውን መስመር ግን ይረሳዋል። ይህ መስመር የሰርቨሩ ዋና ፕሮሰስ ቁጥር የት እንደሚጻፍ የሚናገር ነው። ሁለቱ ኮንፊጎች አንድ የፒአይዲ ፋይል ስለሚጋሩ አፓቼ ፋይሉን አንብቦ «ቀድሞ ተነስቷል» ብሎ ይመልሳል። ባለሙያውም ትናንት ሳያጠፋው የቀረ የሙከራ ሰርቨር ነው ብሎ በሙከራው ኮንፊግ «ስቶፕ» ይላል። የሚወድቀው በዚያ ፋይል ቁጥሩ የተጻፈው ፕሮሰስ፣ ማለትም ሕዝብ እየተገለገለበት ያለው ሰርቨር ነው። ትእዛዙ የተሰጠው በሙከራ ፋይል ስለሆነ ማንም ቶሎ አይጠረጥርም።

ፖርቱን «ፈልግና ተካ» በሚለው መንገድ መቀየርም የራሱ መዘዝ አለው። 80 የሚለው ሁሉ 8080 ይሁን ሲባል፣ ታይምአውት 180 የነበረው 18080 ይሆናል። ሦስት ደቂቃ የነበረው ገደብ ከአምስት ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው። የአፃፃፍ ስህተት ስለሌለበት ሰርቨሩ ያለ ቅሬታ ይነሳል፤ የሚታየው የተንጠለጠሉ ግንኙነቶች ቦታ ሲያጣብቡ ነው። የዳታቤዝ አድራሻው ሳይቀየር ከቀረ ደግሞ በሙከራ የተሞላ ቅጽ እውነተኛው መዝገብ ላይ ይገባል።

«ታዲያ የአፓቼ የራሱ መፈተሻ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ነገር ግን «ሲንታክስ ኦኬ» የሚለው መልስ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አፓቼ በዚህ ፍተሻ መስመሮቹን አንብቦ ትእዛዞቹን ማወቁን ያረጋግጣል እንጂ ፖርቱን አይከፍትም፤ ስለዚህ ፖርቱ በሌላ ፕሮግራም ተይዞ ከሆነ አያውቅም። የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይሎቹንም በዚህ ደረጃ አይከፍትም፤ ጥያቄዎች የሚመዘገቡበት የአክሰስ ሎግ ፎልደር ባይኖርም ኦኬ ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ግንኙነቱ የሚመሰጠርባቸው የሰርተፊኬትና የቁልፍ ነገር ነው፤ ሰርተፊኬቱ ታድሶ ቁልፉ የድሮው ከቀረ ፍተሻው ያልፋል፣ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሰርቨሩ አይነሳም። ኤንጂንኤክስ የተባለው ሌላው የዌብ ሰርቨር በዚህ በኩል ይሻላል፤ በራሱ ፍተሻ ጊዜ ሰርተፊኬቱንና ቁልፉን አገናኝቶ ስለሚያይ አለመግጠማቸውን ይናገራል። ያም ሆኖ ሁለቱም የተጠየቀው ገጽ በትክክል መምጣት አለመምጣቱን አይነግሩንም። ይህን ሊነግረን የሚችለው ሰርቨሩን በእውነት አስነስቶ፣ ጥያቄ ልኮ፣ መልሱን የሚመረምር ሙከራ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። አፓቼ ቴስት የሚባለው፣ በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ማዕቀፍ፣ ሞድ ፐርል ለተባለው የአፓቼ ተጨማሪ ክፍል (ሞጁል) እና ለራሱ ለአፓቼ ሰርቨር የሙከራ ስብስብ ሲያገለግል የኖረ ነው። በፐርል የማይጽፍ ሰውም አሠራሩን ቢያየው ይጠቅመዋል፤ ሐሳቡን በፓይተንም ሆነ በሼል ስክሪፕት መልሶ መሥራት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፕሮጀክቱ ውስጥ «ቲ» የሚባል ፎልደር አለ። በውስጡ «ኮንፍ» የሚል ፎልደር ይቀመጣል፤ ሰው የሚጽፈው በዋናነት እዚያ ውስጥ «ኤክስትራ ዶት ኮንፍ ዶት ኢን» የሚለውን ፋይል ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢን» ቴምፕሌት መሆኑን ያመለክታል። ከማሽን ማሽን የሚለያዩት ነገሮች በዚህ ፋይል ውስጥ በቁማቸው አይጻፉም፤ በሁለት የ@ ምልክቶች መካከል ስማቸው ብቻ ይቀመጣል። ለምሳሌ የገጾቹ ፎልደር የት እንዳለ ከመጻፍ ይልቅ @ዶኩመንት ሩት@፣ የሰርቨሩን ቤት ከመጻፍ ይልቅ @ሰርቨር ሩት@ ይባላል። ማዕቀፉ ሲሠራ የእያንዳንዱን ስም ትክክለኛ ዋጋ ከዚያው ማሽን ፈልጎ ይተካና «ኢን» የሌለውን ፋይል ይወልዳል። ዋናውን የሰርቨር ኮንፊግ፣ የፋይል ዓይነቶችን ዝርዝር፣ የሎግ ፎልደሩን ሁሉ ራሱ ያዘጋጃል፤ የእኛ ተጨማሪ ፋይልም በዋናው ውስጥ ይካተታል። ፒአይዲ ፋይሉና ሎጉ እዚያው «ቲ» ሥር ስለሚያርፉ ከሥራው ሰርቨር ጋር የሚጋሩት ነገር አይኖርም። ከላይ ያነሳነው አደጋ ከሥሩ የተነቀለው በዚህ ነው።

አንዳንዱ መስመር የግድ ከሁሉ በኋላ መምጣት አለበት። ለዚያ «ኤክስትራ ላስት» የሚል ሁለተኛ ቴምፕሌት አለ። በአፓቼ ኮንፊግ የመስመር ቅደም ተከተል ትርጉም ስላለው ይህን መለየት ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ነጣጥሎ ማስኬዱ ስህተትን ለመያዝ ይረዳል። መጀመሪያ «ኮንፊግ» በሚለው አማራጭ ፋይሎቹ ብቻ እንዲመነጩ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ሰርቨር አይነሳም፣ የተወለደውን ፋይል ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ቀጥሎ «ስታርት ኤችቲቲፒዲ» ሰርቨሩን ያስነሳል፤ «ራን ቴስትስ» ሙከራዎቹን ያካሂዳል፤ «ስቶፕ ኤችቲቲፒዲ» ያቆማል፤ «ክሊን» የመነጨውን ሁሉ ይጠርጋል። ያለ አማራጭ ከተጠራ ሰርቨሩን አስነስቶ፣ ሞክሮ፣ ራሱ ያቆመዋል። ሙከራ ሲወድቅ ግን ነጣጥሎ መሄድ ይሻላል፤ ሰርቨሩ እንደተነሳ እያለ ያንኑ አንድ ሙከራ ደጋግሞ ማስኬድና ኤረር ሎጉን ጎን ለጎን መከታተል ይቻላልና።

የተወለደው ፋይል አናት ላይ ማዕቀፉ «ይህ ፋይል የመነጨ ነው፤ አትንኩት» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ይህን ማስጠንቀቂያ የሚጥስ ሰው አይጠፋም። ችግሩን ያገኘዋል፣ በተወለደው ፋይል ላይ ያስተካክለዋል፣ ሙከራው ያልፋል። በማግስቱ ቴምፕሌቱ ሲነካ ማዕቀፉ ቴምፕሌቱ ከተወለደው ፋይል በኋላ መነካቱን ከቀኑ አይቶ እንደገና ያመነጫል፤ የትናንቱ እርማት ይጠፋል። ስለዚህ ጊት ወደተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ የሚገባው ቴምፕሌቱ ብቻ ነው። የሚመነጩት ፋይሎች በሙሉ ጊት ችላ በሚላቸው ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለባቸው።

ፖርትን በተመለከተ የማዕቀፉ መነሻ 8529 ነው። ከ1024 በታች ያለ ፖርት የሩት (የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን ስለሚጠይቅ ለሙከራ አይመረጥም። 8529ም ቢሆን ሁልጊዜ ነፃ አይደለም፤ አራንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ሲጫን የሚይዘው ይህንኑ ቁጥር ነው። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ሰዎች፣ ወይም አንድ ሰው ሁለት ፕሮጀክቶችን በአንድ ጊዜ ሲሞክር ግጭቱ አይቀርም። መፍትሔው የፖርት አማራጩን «ሰሌክት» ብሎ ማዕቀፉ ራሱ ነፃ ቁጥር እንዲፈልግ መተው ነው። በራሱ ስክሪፕት የሚያመነጭ ሰው ደግሞ ከ32767 በላይ እንዳይወጣ እንመክራለን፤ ሊነክስ ከ32768 እስከ 60999 ያለውን ለሚወጡ ግንኙነቶች በጊዜያዊነት ስለሚያድል፣ ዛሬ ነፃ የነበረው ቁጥር ነገ በብራውዘር ተይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወድቅ ሙከራ ከማይሠራ ሙከራ ይብሳል፤ ሰው ውጤቱን ማመን ያቆማልና።

ከአንድ በላይ ቨርቹዋል ሆስት (በአንድ ሰርቨር ላይ ለብቻው የሚስተናገድ ድረ ገጽ) ሲኖር ቁጥሮችን በእጅ ማደል አያስፈልግም። በቴምፕሌቱ ውስጥ ቨርቹዋል ሆስት ካለ በኋላ በአድራሻው ፈንታ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ማዕቀፉ ለዚያ ስም ቀጣዩን ፖርት ይመድባል፣ «ሊስን» የሚለውንም መስመር ራሱ ይጨምራል። ሙከራውም ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን ይጠራል። ቁጥር በሙከራ ፋይል ውስጥ በቁሙ የጻፈ ሰው ፖርቱ በተቀየረ ቀን ሙከራዎቹ ሁሉ ይወድቁበታል።

አሁን ወደ ሞጁሎች እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። ማዕቀፉ በማሽኑ ላይ የተጫነውን የአፓቼ ኮንፊግ አንብቦ «ሎድ ሞጁል» የሚሉትን መስመሮች ይወርሳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሙከራው በእውነተኛዎቹ ሞጁሎች ይካሄዳልና። በአንድ ማሽን ሁለት አፓቼ ተጭኖ ከሆነ ግን የአንደኛው ሞጁል ከሌላኛው ሰርቨር ጋር ሊጠራ ይችላል፤ ለ2.2 የተሠራ ሞጁል በ2.4 ላይ አይጫንም። ስለዚህ የትኛው አፓቼ እንደሚሞከር ሙሉ መንገዱን ጽፎ መስጠት ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ፕሮግራሙ «ኤችቲቲፒዲ» ሳይሆን «አፓቼ2» እንደሚባል፣ ስለ ግንባታው መረጃ የሚሰጠው «ኤፒኤክስኤስ» ደግሞ «አፓቼ2 ዴቭ» በሚለው ፓኬጅ ውስጥ ተለይቶ እንደሚጫን መዘንጋት የለበትም። ውርሱን ትቶ ሁሉንም ራሱ የሚጽፍ ሰው ደግሞ «ኤምፒኤም ሎድ አልተደረገም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። በ2.4 ፕሮሰሶችን የሚያስተዳድረው ክፍል እንደ ሞጁል ሊጫን ስለሚችል ከፕሪፎርክ፣ ከወርከርና ከኢቨንት አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ መጠራት አለበት።

አፓቼ 2.4 የወጣው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያም ሆኖ በ2.2 ዘዬ የተጻፈ ኮንፊግ እስካሁን እየተገለበጠ ይዞራል። «ኦርደር»፣ «አላው»፣ «ዲናይ» የሚሉት መስመሮች በ2.4 ቦታቸውን «ሪኳየር» ለሚለው ለቀዋል፤ የድሮዎቹ የሚሠሩት «አክሰስ ኮምፓት» የሚባለው ሞጁል ከተጫነ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ መቀላቀል ማን ገባ፣ ማን ተከለከለ የሚለውን ለመገመት አስቸጋሪ ያደርገዋል። ሁለቱንም ቨርዥን መሸፈን የግድ ከሆነ ቴምፕሌቱ «ኢፍ ቨርዥን» በሚለው ቅንፍ መለየት ይችላል።

«ኢፍ ሞጁል» የሚለውን ቅንፍ ግን በጥንቃቄ። ትርጉሙ «ሞጁሉ ካለ ይህን አድርግ፤ ከሌለ ዝም በል» ነው። ገጹ በሌላ ድረ ገጽ ፍሬም ውስጥ ገብቶ እንዳይታይ የሚከለክለው ሄደር (ከመልሱ ጋር ለብራውዘሩ የሚላክ መመሪያ) በዚህ ቅንፍ ውስጥ ተጽፎ፣ «ሄደርስ» የተባለው ሞጁል በአዲሱ ማሽን ላይ ሳይጫን ቢቀር፣ ጥበቃው ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። በሙከራ ቴምፕሌት ውስጥ የግድ የሚያስፈልግ ሞጁል ያለ ቅንፍ ይጻፍ፤ ከሌለ ሰርቨሩ ባይነሳ ይመረጣል። በተመሳሳይ የሙከራ ፋይሉ «ይህ ሞጁል ያስፈልገኛል» ብሎ ማወጅ ይችላል፤ ሞጁሉ ከሌለ ሙከራው ይዘለላል። የተዘለለ ሙከራ ያለፈ ሙከራ አይደለም። ውጤቱ መጨረሻ ላይ «ሁሉም አልፏል» ቢልም ስንቱ እንደተዘለለ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሩት ሆኖ ሙከራ ማስኬድ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። አፓቼ በሩት ሲነሳ ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ልጅ ፕሮሰሶች ሥልጣን ወደሌለው ተጠቃሚ ያወርዳቸዋል፤ ማዕቀፉም አብዛኛውን ጊዜ «ኖባዲ» የተባለውን ይመርጣል። ኖባዲ ደግሞ የሩት ቤት ፎልደር ውስጥ መግባት አይችልም፤ ከ21.04 ወዲህ ባሉት የኡቡንቱ ቨርዥኖች በአዲስ የሚከፈቱ የተራ ተጠቃሚዎች ቤቶችም ለሌላ ሰው ዝግ ናቸው። ውጤቱ ማዕቀፉ ሙከራውን አላስጀምርም ማለቱ፣ እንዲህ ያለ ፍተሻ በሌለው ስክሪፕት ደግሞ ሁሉም ሙከራ በ403 («መግባት ተከልክሏል» በሚል መልስ) መውደቁ ነው። ፋይሉ ራሱ ለሁሉም የሚነበብ ሆኖ ሳለ ከበላዩ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ለማለፍ ስለማይፈቅድ ነው ይህ የሚሆነው፤ ብዙ ሰው ፋይሉ ላይ ብቻ ፈቃድ እየጨመረ ይደክማል። ሙከራን በተራ ተጠቃሚ ማስኬድ ነገሩን ሁሉ ይቋጨዋል።

እስካሁን ያልነው የትም አገር ይሠራል። በአማርኛ ለሚሠራ ድረ ገጽ ግን ተለይተው መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ በውጭ ቋንቋ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኙም ትንሽ ዘርዘር እናድርጋቸው።

አንደኛው የፊደል ኢንኮዲንግ (ፊደል በባይት የሚጻፍበት ሥርዓት) ነው። «አድ ዲፎልት ቻርሴት» በሚለው መስመር ዩቲኤፍ 8 መባሉ ለአማርኛ ገጽ በቂ ይመስላል። ይህ መስመር ግን የሚሠራው በተራ ጽሑፍና በኤችቲኤምኤል ላይ ብቻ ነው። አማርኛ መልእክቶችን የያዘ የጃቫስክሪፕት ወይም የሲኤስቪ ፋይል ያለ ኢንኮዲንግ ሄደር ይወጣል፤ ለእነዚህ «አድ ቻርሴት» በሚለው መስመር በፋይል ዓይነት ለየብቻ መናገር ያስፈልጋል። መስመሩ በስህተት የምዕራብ አውሮፓን ኢንኮዲንግ ከያዘ ደግሞ ገጹ ውስጥ በሜታ የተጻፈው አያድነውም፤ ብራውዘሩ ከሜታው ይልቅ ሄደሩን ያምናልና ፊደሉ ሁሉ ተዘበራርቆ ይታያል። ስለዚህ ሙከራው «ገጹ 200 (ተሳክቷል) መለሰ» ብሎ ማቆም የለበትም። አማርኛ ያለበትን ከእያንዳንዱ የፋይል ዓይነት አንድ ናሙና ጠይቆ የሚመጣውን ሄደር ማመሳከር አለበት።

ሁለተኛው የፊደል ስፋት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክት ሲጻፍ ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። «ሰላም» የሚለው ቃል ብቻውን 27 ቁምፊ ነው። የአፓቼ የጥያቄ መስመር ገደብ በመነሻው 8190 ባይት ስለሆነ ለተራ አድራሻ ይበቃል፤ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በአድራሻው በኩል የሚልክ የፍለጋ ወይም የማመልከቻ ቅጽ ግን ከ900 ፊደል ገደማ በላይ ሲሆን ገደቡን ያልፋል፤ ሰርቨሩም በ414 (አድራሻው ረዝሟል) ይመልሰዋል። በሪራይት (አድራሻን በሚለውጥ) ደንብ ውስጥ ያለው ወጥመድ ደግሞ ይበልጥ ስውር ነው። ነጥብ የሚለው ምልክት «ማንኛውም አንድ ፊደል» ነው ብለን እናምናለን፤ በተለመደው አኳኋን ግን የሚቆጥረው አንድ ባይት ነው። «እስከ 20 ቁምፊ» የሚል ደንብ ለአማርኛ ስድስት ፊደል ብቻ ያሳልፋል። «አዲስ አበባ» ያልፋል፤ «አዲስ አበባ ከተማ» አያልፍም። በላቲን ቃል የተሞከረ ደንብ ይህን ፈጽሞ አያሳይም።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ጸሐይና ፀሐይ፣ ዓለምና አለምም እንዲሁ። ድረ ገጹ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በሌላው የጻፈው ሰው 404 ያገኛል። አመንጪው እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሊያቃልል ይችላል፤ የሞክሼዎቹን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ይዞ የማዞሪያ መስመሮቹንና የሚፈትኗቸውን ሙከራዎች አብሮ መውለድ ይችላል። በእጅ የተጻፈ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳይሳሳት የሚያልቅ አይደለም።

አራተኛው ቴምፕሌቱ ራሱ የሚጻፍበት መንገድ ነው። ማብራሪያውን በአማርኛ የሚጽፍ ባለሙያ ኪቦርዱን ሳይመልስ ቀጥሎ ትእዛዝ ሲጽፍ በአይፒ አድራሻውና በፖርቱ መካከል የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሳይሆን የግዕዙ «፡» ሊገባ ይችላል። በስክሪን ላይ ሁለቱ ተመሳስለው ይታያሉ፤ ዓይን ሺህ ጊዜ ቢያየው አይለየውም። አመንጪው ፋይሉን ከመጻፉ በፊት ማብራሪያ ባልሆኑ መስመሮች ውስጥ በዩኒኮድ ከ1361 እስከ 1368 ያሉትን ስምንት የግዕዝ ሥርዓተ ነጥቦች ቢፈልግና ካገኘ የመስመሩን ቁጥር ተናግሮ ቢቆም ሁለት መስመር ኮድ ነው የሚጠይቀው። በቆየ የዊንዶውስ ኖትፓድ በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚጨመሩት ሦስት የማይታዩ ባይቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ አፓቼ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር አጣብቆ ያነባቸውና «የማላውቀው ትእዛዝ» ይላል። ቴምፕሌቱ ያለዚያ ምልክት በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ።

አምስተኛው የፎልደር ስም ነው። ሲጂአይ (ሰርቨሩ የሚጠራቸውን የውጭ ስክሪፕቶች) የሚያስኬደው ሞጁል የሚገናኝበት የዩኒክስ ሶኬት (ፕሮሰሶች የሚነጋገሩበት) ፋይል ሙሉ መንገዱ በሊነክስ ከ107 ባይት መብለጥ አይችልም። ሶኬቱ ከሙከራው ፎልደር ሥር በሎግ ፎልደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ከፕሮጀክቱ በላይ ያሉት የፎልደር ስሞች በአማርኛ ከሆኑ 30 ፊደል ገደማ ሲደርሱ ገደቡ ይሞላል። ይህን ያላወቀ ሰው ፈቃድ እየፈተሸ ይውላል። ሙከራው በአጭር መንገድ ሥር ይካሄድ፤ በቴምፕሌቱ ውስጥ ደግሞ መንገዶች ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይሁኑ፤ በስም መካከል ክፍተት ያለበት ፎልደር ሲመጣ መስመሩ እንዳይሰበር።

ሙከራ በኃይል ሲቋረጥ የሚቀረውን ቆሻሻም ማወቅ ደግ ነው። ሰርቨሩን በ«ኪል 9» የሚገድል ሰው አፓቼ የሚጠቀምባቸውን ሴማፎሮች (ፕሮሰሶች ተራ የሚጠብቁባቸውን ምልክቶች) በማሽኑ ላይ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ይህ ሲደጋገም አንድ ቀን ሰርቨሩ «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ብሎ አልነሳም ይላል፤ ዲስኩ ሲታይ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ያለቀው የዲስክ ቦታ ሳይሆን የሴማፎር ኮታ ነው። በ«አይፒሲኤስ» ዝርዝሩን አይቶ፣ የሙከራው ተጠቃሚ የሆኑትን ብቻ በ«አይፒሲአርኤም» ማጥፋት ያድነዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሴማፎሩ ከማሽኑ ጋር ይጠፋል፤ የፒአይዲ ፋይሉ ግን ዲስክ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ሲመለስ ያ ቁጥር ለሌላ ፕሮግራም ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አመንጪው ሥራውን ሲጀምር ማንም ያልያዘውን አሮጌ የፒአይዲ ፋይል ማጽዳት አለበት።

ለኤንጂንኤክስም ተመሳሳይ ማዕቀፍ አለ፤ ቴስት ኤንጂንኤክስ ይባላል። ከእያንዳንዱ ሙከራ ጋር የተጻፈውን ቁራጭ ኮንፊግ ወስዶ ሙሉውን ፋይል ያመነጫል፤ መነሻ ፖርቱ 1984 ነው። ብዙ ሰው ግን በዚህ ፈንታ «ኢንቭሰብስት» በተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ቴምፕሌት ይሞላል፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር። ይህች ፕሮግራም የዶላር ምልክት ያለበትን ስም ሁሉ የአካባቢ ተለዋዋጭ ነው ብላ ትተካለች። ኤንጂንኤክስም የራሱን ተለዋዋጮች የሚጽፈው በዶላር ምልክት ነው። ስለዚህ «ትራይ ፋይልስ» በሚለው መስመር ላይ የተጠየቀውን ገጽ የሚወክለው «ዩአርአይ» በባዶ ይተካል። የሚቀረው መስመር አፃፃፉ ትክክል ስለሆነ የኤንጂንኤክስ ፍተሻ ያሳልፈዋል፤ ሰርቨሩ ግን የተጠየቀውን ፋይል ጨርሶ አይፈልገውም። መድኃኒቱ የሚተኩትን ስሞች ብቻ ዘርዝሮ ለፕሮግራሟ መስጠት ነው። የኤንጂንኤክስ የዶከር ኢሜጅ በተገለጹ ተለዋዋጮች ብቻ የሚተካውም ለዚህ ነው።

«የሙከራው ኮንፊግ ከሥራው የተለየ ከሆነ ምን አረጋገጥን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ሁለቱም ከአንድ ቴምፕሌት ይወለዱ ነው። ልዩነታቸው በአንድ አጭር የዋጋ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ፖርት፣ መንገድ፣ ተጠቃሚ፣ ሰርተፊኬት፣ የዳታቤዝ አድራሻ። ከዚህ ከአምስቱ ውጭ ልዩነት ከተገኘ ስህተት ነው። የሙከራ ሰርተፊኬት ከሥራው አይወሰድ፤ በየጊዜው ይመንጭ፤ የአርኤስኤ ቁልፍ ከሆነም ከ2048 ቢት አይነስ፤ ከዚያ ያነሰውን በዴቢያንና በኡቡንቱ ያለው ኦፕን ኤስኤስኤል አይቀበለውም።

አሁን ደብዳቤውን ወደጻፍንበት ጉዳይ እንመለስ። መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ በጨረታ ሲያሠሩ የርክክብ ሰነዱ ብዙውን ጊዜ የገጾቹን ብዛትና የዲዛይኑን ነገር ይዘረዝራል። በሰነዱ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር እንጠይቃለን። አንደኛው፣ የሰርቨሩ ኮንፊግ ከነቴምፕሌቱ፣ ከነዋጋ ፋይሎቹና ከነሙከራዎቹ አብሮ ይረከብ የሚል። ሁለተኛው፣ ርክክቡ የሚፈጸመው ስርዓተ ክወናው ብቻ በተጫነበት ማሽን ላይ በሰነዱ የተዘረዘሩት ፓኬጆች ተጭነው፣ ፕሮጀክቱ በተራ ተጠቃሚ ስም ወርዶ፣ በአንድ ትእዛዝ ኮንፊጉ ሲመነጭ፣ ሰርቨሩ ሲነሳና ሙከራዎቹ ማንም ኤዲተር ሳይከፍት ሲያልፉ ነው የሚል። የተዘለሉት ሙከራዎች ብዛትም በርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርቨር አስተዳዳሪዎችና የሶፍትዌር ፈታሾች
አዲስ አበባ